ስለ ጠምበለልና ስለ ሌሊት እንግዶቹ

በጎጃም አገር መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውንና የእርሻውን ዳር ሁሉ ወርቅ አልብሶ ይታያል። ልጃገረዶች እንግጫ ለመንቀል በወጡ ጊዜ አደዩን አብረው ቀጥፈው ይመለሳሉ፤ ንብና ቢራቢሮም ከማለዳ እስከ ማታ ሲቀስሙት ይውላሉ። ይህን የቀን አበባ የማያውቅና የማያመሰግን ሰው በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፥ ንቡ ወደ ቀፎው፥ ወፉም ወደ ጎጆው ከገባ በኋላ፥ በጨለማ ሥራቸውን የሚጀምሩ ሌሎች ፍጥረታትና እነርሱን የሚቀበሉ ሌሎች አበቦች እንዳሉ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባብያን ቤተ ሰብ ልንነግር ያሰብነው ከነዚህ አበቦች ስለ አንዱ፥ ስለ ጠምበለል ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የሚኖር ባለ ቤት ይህን ሐረግ በደጁ ቢተክል ምን እንደሚያገኝ፥ እንዴትስ እንደሚተክለው እናስረዳለን።

የጠምበለል የሌሊት እንግዳ የእሳት ራት ናት። አማርኛችን ይህን ስም የሰጣት ማታ መብራት ሲበራ እየተወረወረች ገብታ ክንፏን ስለምታቃጥል፥ ለእሳቱም ራት ስለምትሆን ነው። እንግዲህ ስሟ ከአሟሟቷ ተወሰደ እንጂ ከሥራዋ አልተወሰደም። በቤት ውስጥ የሚያያት ሰው ከኩራዙ ወይም ከአምፑሉ ዙሪያ ስትዞር ባገኛት ጊዜ፥ በሣጥን ውስጥ በርኖሱን የሚበላውን ብል እያሰበ በእጁ መትቶ ይጥላታል።

የገበሬውም ቂም ከዚህ የበለጠ ነው። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ አካባቢ የሚኖር አራሽ በቆሎውን፥ ጤፉንና ዳጉሳውን ተምች ሲበላበት አይቷል፤ የበቆሎውን አገዳ ቆርቁር ሲሰረስረው፥ የበርበሬውንም ፍሬ ትል በስቶ ሲገባበት አይቷል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር የተነሣው መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በበቆሎ ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል። እነዚህ ትሎች ሁሉ አድገው ክንፍ ሲያወጡ የእሳት ራት ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ጐልማሳ ገበሬ «የተምችን እናት ወደ ደጄ የሚጠራ አበባ ትከል ትሉኛላችሁን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው የሚገባ ነውና በሚገባ መመለስ አለበት።

አስቀድመን የዚህችን ፍጥረት ትውልድ እንመልከት። የእሳት ራትና ቢራቢሮ የአንድ ወገን ናቸው። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ለይተው ስም የሰጧቸው የዚህ ወገን ዓይነቶች ወደ 160,000 ገደማ ሲሆኑ፥ በቀን የሚበሩት ቢራቢሮዎች ከነዚህ ከ20,000 አይበልጡም። የቀሩት የእሳት ራቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በሌሊት ይበራሉ። ሁሉም አስቀድሞ እንቁላል፥ ከዚያ ትል፥ ከዚያም በሽፋን ውስጥ የሚተኛ ሙሽሬ ሆነው በመጨረሻ ክንፍ ያወጣሉ። ቅጠል የሚበላው ትሉ ነው፤ ክንፍ ያወጣችው እናት ግን የምታኝክበት መንጋጋ ስለሌላት ቅጠል ልትበላ አትችልም። ከዚህ ሁሉ ሠራዊት መካከል የሰውን እህል የሚያጠፉት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ትሎቻቸው በዱር ቅጠል አድገው፥ ራሳቸው ከአበባ ወደ አበባ እየዞሩ፥ በመጨረሻም ለሌሊት ወፍና ለሌላ ብዙ ፍጥረት ምግብ ሆነው ያልፋሉ። ጫጩቶቿን የምትመግብ ወፍ የምትለቅመው አባ ጨጓሬና ትል ከየት ይመጣል ቢባል፥ ብዙው ከዚሁ ወገን ነው።

አሁን ወደ አበባው እንመለስ። ጠምበለል በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዘንግ ላይ ይበቅላል፤ ዓመቱን ሙሉም አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል። አበባው ነጭ ነው፤ ገና ሳይፈነዳ ግን በስተውጭ በኩል ጥቂት ቀላ ይላል። ከሥሩ እንደ ቀጭን ቧንቧ ሆኖ ይጀምርና ጫፉ እንደ ኮከብ ወደ አምስት ወይም ወደ ስድስት ይከፈላል። ፍሬው ሲበስል ጥቁር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሁለት ሆኖ ይገኛል። መዓዛው እጅግ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ፥ ሐረጉም ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ፥ ባለ ቅኔውና ዘፋኙ ቆንጆይቱን ልጅ በጠምበለል ሲመስላት ኖሯል።

ይህ ሐረግ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ የአገራችን የደጋና የወይና ደጋ ልጅ ነው። በ1844 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዕፅዋት ሊቃውንት በመጽሐፋቸው ሲመዘግቡት «ያስሚኑም አቢሲኒኩም» ብለውታል፤ የሐበሻ ያስሚን ማለት ነው። ቤተ ዘመዱም ታላቅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ የምናውቀው ወይራ የቅርብ ወገኑ ነው። አበባው ከእርሱ የሚተልቅ ሌላው የጠምበለል ዓይነት በፈረንሳይ አገር በግራስ ከተማ ዙሪያና በግብፅ ለሽቶ ይለማል። በዚያ ያሉት ለቃሚዎች አበባውን የሚለቅሙት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ምክንያቱም መዓዛው በሌሊት በርትቶ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ይደክማል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር፥ ቡሬም ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው፥ የሁለቱም አየርና ቀይ አፈር ለጠምበለል የሚስማማ ነው።

አበባው ስለ ምን ነጭ ሆነ? መዓዛውስ ስለ ምን በሌሊት ይበረታል? በጨለማ ቀይና ሰማያዊ ቀለም አይታይም፤ ነጭ ግን በጨረቃና በከዋክብት ብርሃን እንኳ ይለያል። መዓዛውም ነፋስ እየወሰደው ከሩቅ ላለችው በራሪ መንገድ ይመራታል። በቧንቧው ሥር ደግሞ ጣፋጭ ወለላ አለ። የእሳት ራት ምላሷ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ከአፏ በታች ይቀመጣል፤ ከአበባው ስትደርስ ዘርግታ ወደ ቧንቧው ታገባዋለች፤ ወለላውንም ትመጥጣለች። በዚያን ጊዜ የአበባው ዱቄት ከፊቷና ከምላሷ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባ ስትሄድም ታደርሰዋለች፤ በዚህም አበባው ፍሬ ይይዛል። እንግዲህ አበባው ራቷን ይሰጣታል፥ እርሷም ዘሩን ታበዛለታለች።

ይህ ስምምነት ምን ያህል የጠበቀ እንደ ሆነ አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። ዳርዊን የተባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ ከማዳጋስካር ደሴት የተላከለትን ነጭ አበባ ቢመረምር፥ ወለላው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ ቀጭን ቧንቧ ሥር ሆኖ አገኘው። በ1862 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፍም ምላሷ ይህን የሚያህል የእሳት ራት በዚያ ደሴት መኖር አለባት ብሎ ጻፈ። ዳርዊን በ1882 ሞተ፤ የተነገረላት የእሳት ራት ግን በ1903 ተገኝታ በሊቃውንት መዝገብ ገባች። የእኛ ጠምበለል ቧንቧው አጭር ስለ ሆነ ይህን ያህል ረጅም ምላስ አያሻውም፤ በአገራችን ያሉት እንግዶች ይበቁታል።

ከነዚህም እንግዶች እጅግ የምታስደንቀው ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የምታህለው ትልቋ የእሳት ራት ናት። ክንፏ አመድማ ነው፤ ሆዷ ግን በሐምራዊና በጥቁር መስመር የተሸለመ ነው። አበባው ላይ አታርፍም፤ ክንፏን ፈጥና እያርገበገበች በአየር ላይ ትቆምና ከሰውነቷ የሚረዝመውን ምላሷን ወደ አበባው ትልካለች። ድምፅዋም እንደ ሩቅ እንዝርት ሲሽከረከር ይሰማል። ትሏ የስኳር ድንች ቅጠል ይበላልና ስኳር ድንች የሚተክል ሰው ቅጠሉን እየዞረ ይመልከት፤ ጅራቱ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለውን ወፍራም ትል ቢያገኝ በእጁ ይልቀመው።

አሁን የገበሬውን ጥያቄ እንመልስ። ተምች ወደ ማሳ የሚመጣው በደጅ በተተከለ አበባ ተጠርቶ አይደለም። የተምች እናት በነፋስ እየተረዳች በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ዝናም ባወረዳትም ሥፍራ በበቆሎ፥ በዳጉሳና በሣር ቅጠል ላይ ትወልዳለች። ጠምበለል የሣር ወገን ስላልሆነ ልጆቿን አያሳድግላትም። ይሁን እንጂ እውነቱን አንሸሽግም፤ የእህል ጠላት የሆነችው የእሳት ራት ደግሞ ወለላ ባገኘች ጊዜ መጠጣቷ አይቀርም። ስለዚህ ጠምበለልን በቤት ደጅ፥ በጓሮ አጥርና በዛፍ ሥር እንትከለው እንጂ በበቆሎው ወይም በበርበሬው ማሳ ዳር አንትከለው። ማሳውን ከተምች የሚያድነው በየማለዳው እየዞሩ መጐብኘትና ገና ትሉ ትንሽ ሳለ ለግብርና ባለሙያ ማስታወቅ ነው።

ባለ ቀፎም የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በጀርባዋ ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለባት፥ ስትነካም የምትጮኽ አንዲት ትልቅ የእሳት ራት አለች፤ በሌሊት ወደ ቀፎ ሾልካ ገብታ ማር ትጠጣለች። ንቦቹም ሽታዋ የእነርሱን ሽታ ስለሚመስል ፈጥነው አይለዩዋትም። ነገር ግን ይህች ሌባ ምላሷ አጭርና ወፍራም ስለ ሆነ ጥልቅ አበባ አትቀስምም፤ የሚጠራት ማሩ ራሱ ነው። ሰሙን የሚበላውም ትል ዘወትር የሚጸናው በደከመ ቀፎ ላይ ነው። እንግዲህ ንቡ የበረታ፥ መግቢያውም የጠበበ ቀፎ ያለው ሰው በጠምበለል ምክንያት አይስጋ።

ስለ አተካከሉ ሦስት መንገድ እንነግራለን። መጀመሪያውና የማያሳፍረው የሐረጉን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ መቅበር ነው። በሰኔ ዝናም ከጸና በኋላ ወደ መሬት የሚደርሰውን ቅርንጫፍ ወስዶ፥ አንጓው ያለበትን ሥፍራ በታች በኩል በቢላዋ ጥቂት ፋቅ አድርጎ፥ አራት ጣት በሚጠልቅ ጉድጓድ አስተኝቶ አፈር ማልበስና እንዳይነሣ ድንጋይ መጫን ነው። ጫፉ ከአፈር ውጭ ቀና ብሎ ይቅር። በሚመጣው ሰኔ ሥር ይዞ ይገኛልና ከእናቱ ቈርጦ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው በቍራጭ መትከል ነው። ውፍረቱ እንደ እርሳስ፥ ርዝመቱም አንድ ስንዝር የሚሆን፥ ሦስት አንጓ ያለው፥ እጅግ ያልለመለመ እጅግም ያልደረቀ ቍራጭ ይመረጣል። የታችኛው ቅጠል ይራገፍና ሁለቱ አንጓ በአፈር ውስጥ፥ አንዱ በላይ ሆኖ በጥላ ቦታ ይተከላል። አፈሩ ርጥበት እንዳያጣ፥ ውኃም እንዳይተኛበት መጠንቀቅ ያሻል። ከቍራጮቹ ሁሉም አይጸድቁምና ሁለት የሚፈልግ ሰው ስምንት ይትከል። ሦስተኛው በዘር ነው፤ የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ ሥጋውን አጥቦ፥ ፍሬው ትኩስ ሳለ በችግኝ መደብ መዝራት ይቻላል። ይህ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለመትከያው ጉድጓድ አንድ ክንድ ስፋትና አንድ ክንድ ጥልቀት ይበቃል። የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋራ ቀላቅሎ መሙላት ነው። ሐረጉ የሚወጣበት አጥር፥ ዛፍ ወይም በግንድ የተሠራ ዳስ ይዘጋጅለት። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ሥሩ ከጠለቀ በኋላ ብዙ ድካም አይጠይቅም። አበባው ካለፈ በኋላ የበዛውን ሐረግ መግረዝ ለሚቀጥለው አበባ ያበረታዋል። በአንዳንድ ቅጠል ላይ ትል ቢታይ የፀረ ተባይ መድኃኒት አይረጭበት፤ እንግዳን ጠርቶ ማዕዱን መመረዝ ይሆናልና።

ስለ መብራትም አንድ ቃል እንጨምር። ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ተመልክተው በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳስታወቁት፥ ነፍሳት በመብራት ዙሪያ የሚዞሩት ብርሃኑን ወድደው አይደለም። በሌሊት ሲበሩ ጀርባቸውን ሁልጊዜ ወደሚያበራው ወገን፥ ይኸውም ወደ ሰማይ፥ አዙረው ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ። ሰው ያበራው መብራት ከአጠገባቸው ሲገኝ ግን ጀርባቸውን ወደ እርሱ ያዘነብላሉ፤ ስለዚህም መንገዳቸው ጠፍቶባቸው ሲዞሩ ያድራሉ። እንግዲህ አባቶቻችን «የእሳት ራት» ያሏት ፍጥረት ሞትን ፈላጊ ሳትሆን መንገደኛ ነበረች። ጠምበለል የተከለ ሰው የውጭውን መብራት ቢያጠፋ፥ ወይም ብርሃኑ ወደ ታች ብቻ እንዲወርድ ቢከልለው፥ እንግዶቹ ከአምፑሉ ወደ አበባው ይመለሳሉ።

ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ማስጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። በየመንደሩ ጥግና በፍግ ክምር ላይ የሚበቅለው አስተናግር በምሽት ነጭ አበባውን ይከፍታል፤ የእሳት ራትም ትመጣበታለች። ይህ ተክል ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ከመሆኑም በላይ መርዝ ነው፤ ስሙም የበላውን ሰው ስለሚያስለፈልፍ የተሰጠው ነው። የእሳት ራት ለማየት ብሎ አስተናግርን በግቢው የሚያሳድግ ሰው አይኑር፤ በቅሎም ቢያገኘው ሳያፈራ ይንቀለው። ከጠምበለል ሌላ የሚሻ ሰው አጋምን በአጥሩ ይትከል፤ አበባው ነጭና መዓዛው መልካም ነው፤ እሾሁም ከብት ይከለክላል፤ ፍሬውንም ልጆች ይወዱታል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ስለ ጌጥ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም መሬቱ ለእርሻ ሲመነጠር፥ ጥንት በማሳና በማሳ መካከል የነበረው ቁጥቋጦ እያነሰ ሄዷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለገንዘብ ትልቅ ረድኤት ሆኗል፤ እርሱን አንነቅፍም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ብቻ በቆመበት ሥፍራ ጠምበለልና አጋም ቦታ ያጣሉ። በከተማም ሕያው የነበረው አጥር ወደ ቆርቆሮና ወደ ግንብ ተለውጧል። የላህንና የብርን ወንዝ ዳር ተከትሎ የሚሄድ ሰው ቁጥቋጦው ባልተመነጠረበት ሥፍራ ቆም ብሎ ይህን ሐረግ ይፈልግ፤ ከዚህም ይልቅ የዱር ተክል መሸሸጊያ ሆነው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉት ደኖች ናቸው። ከደብሩ ደን ቍራጭ የሚፈልግ ሰው አለቃውን ያስፈቅድ፤ ጥቂት ቅርንጫፍ ይቍረጥ እንጂ ሐረጉን ከነሥሩ አይንቀል። በየደጁ አንድ አንድ ሐረግ ቢተከል፥ ከደብር እስከ ደብር ያለው መንገድ ለሌሊት በራሪዎች ማረፊያ ያለው ጎዳና ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነውና ከተማይቱ ለነዚህም ትንንሽ መንገደኞች እንደ ስሟ ብትሆን መልካም ነው።

ሐረጉ ያበበ ዕለት ባለ ቤቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልጆቹን ይዞ ከአበባው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቀመጥ። ፋኖስ ቢያስፈልግ በቀይ ጨርቅ ይሸፈን፤ ነፍሳት ቀይ ብርሃንን በደንብ አያዩትምና። ዝም ብለው ቢጠብቁ፥ አስቀድሞ መዓዛው ይበረታል፤ ቀጥሎም የክንፍ ድምፅ ይሰማል። በዚያን ጊዜ ልጁ «እማዬ፥ ይህች ቢራቢሮ ለምን ቀን አትመጣም?» ብሎ ቢጠይቅ እናቱ «ቀኑን ንቦች ይዘውት ነው ልጄ፤ እርሷ ተራዋን ጠብቃ ትመጣለች» ብላ ትመልስለት። እንዲህ ያለውን ትምህርት ከደጁ የተማረ ልጅ ሲያድግ ማሳውን የሚያጠፋውን ተምች ከማይጐዳው መንገደኛ ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ ይሆናል፤ በመብራቱም ዙሪያ የምትዞረውን ባየ ጊዜ እጁን ከማንሣቱ በፊት መብራቱን ያጠፋላታል።